ዓይንና አእምሮ፤ የእይታ ዕውቀት ታሪክ ለመማሪያ መጽሐፍ ሥዕሎች የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የሚለው አባባል በአገራችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ፍሬ ነገሩም ዓይን የሚያቀርበው ምስክርነትን ብቻ እንደ ሆነ፣ ዳኝነቱ ግን የሌላ ክፍል ሥራ እንደ ሆነ ማመልከት ነው። የእይታን ነገር በምርምር የተከታተሉት ሊቃውንት ወደዚሁ መደምደሚያ ለመድረስ ከሁለት ሺህ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

ይህ ታሪክ ለሐኪምና ለፊዚክስ ተማሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በየመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ላይ ሥዕል ይገኛል። ለሁለት ተከፍሎ የተሣለ ልብ፣ ከላይ ወደ ታች የታየ መንደር፣ ቀስት የተሰካበት የውሃ ዑደት ለተማሪው ይቀርብለታል። ጤናማ ዓይን ያለው ሁሉ ሥዕሉን ያለ ችግር ያየዋል ተብሎም ይታሰባል። ተማሪው ሳይገባው የቀረ እንደ ሆነ ጉድለቱ ወዲያውኑ ለአእምሮው ድክመት ይሰጣል። ይህ ፍርድ ተገቢ መሆኑንና አለመሆኑን ለመመዘን የሰው ልጅ ስለ እይታ ያካበተውን ዕውቀት ከመነሻው መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርሃን ከዓይን ይወጣል ወይስ ወደ ዓይን ይገባል?

የጥንት ግሪኮች በዚህ ጥያቄ ላይ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የነበረው የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ የእይታ ጨረር ከዓይን እየወጣ ወደ ነገሮች እንደሚሄድ አድርጎ ሒሳቡን አዘጋጀ። እንደ ዲሞክሪተስ ያሉት ፈላስፎች ደግሞ ከያንዳንዱ ነገር ላይ እጅግ ስስ የሆነ ምስል እየተላጠ ወደ ዓይን ይገባል ይሉ ነበር። ሁለቱም አስተሳሰቦች ጽኑ ችግር ነበረባቸው። ጨረሩ ከዓይን የሚወጣ ከሆነ ሰው ዓይኑን በገለጠ ቅጽበት እጅግ ሩቅ ወደ ሆኑት ከዋክብት እንዴት ሊደርስ ይችላል? ምስሉ ተላጦ የሚገባ ከሆነስ የአንድ ተራራ ምስል በጠባቧ የዓይን ብሌን በኩል እንዴት ያልፋል?

ክርክሩን ወደ ትክክለኛው መንገድ የመራው በ965 ገደማ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል-ሀይሠም ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጻፈው የእይታ መጽሐፉ ያቀረበው ማስረጃ ማንም ሊያስተውለው የሚችል ነበር። ወደ ፀሐይ አተኩሮ የተመለከተ ሰው ዓይኑ ይታመማል፤ ዓይኑን ከጨፈነም በኋላ የብርሃኑ ርዝራዥ ለጥቂት ጊዜ ይታየዋል። ስለዚህ ብርሃን ከውጭ መጥቶ በዓይን ላይ ሥራ ይሠራል እንጂ ዓይን ወደ ውጭ የሚልከው ነገር የለም አለ።

ኢብን አል-ሀይሠም ከዚህ ጋር ያነሣው ሁለተኛ ሐሳብ ለትምህርት ሰዎች ከፊተኛው የበለጠ ጠቀሜታ አለው። ዓይን የሚቀበለው ብርሃንንና ቀለምን ነው፤ የታየው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ግን ከትዝታ ጋር በማመሳከርና በመፍረድ የሚገኝ ነው። ይህም ፍርድ እጅግ ፈጣን ከመሆኑ የተነሣ ሰው መፍረዱን ራሱ አያስተውለውም። አገርኛው አባባል ልብ የሚለውን እርሱ የፍርድ ኃይል አለው።

የተገለበጠው ምስል

የዓይን አሠራር በትክክል የተገለጸው በ1604 ነው። በዚያ ዓመት ዮሐንስ ኬፕለር ብርሃን በዓይን ሌንስ ውስጥ አልፎ በዓይን ውስጠኛው ጀርባ ላይ በተዘረጋው ሬቲና ላይ ምስል እንደሚሥል አስረዳ። ይህ ምስል ግን የተገለበጠ ነው፤ ላዩ ታች፣ ቀኙም ግራ ሆኖ ይገኛል። ቀደምት ሊቃውንት ምስሉ ይገለበጣል የሚለውን ሐሳብ ሊቀበሉት አልፈለጉም ነበር። ኬፕለር ግን የሒሳቡን ውጤት ተቀብሎ፣ ከሬቲና በኋላ ያለውን ጉዳይ ለሌሎች ተመራማሪዎች ተወው። ሬኔ ዴካርት በ1637 ባሳተመው ሥራ የበሬ ዓይን የኋላ ሽፋን ተልጦ በስስ ነገር ሲሸፈን የውጭው ዓለም ምስል ተገልብጦ እንደሚታይ ገለጸ።

እንግዲህ ምስሉ የተገለበጠ ሲሆን ዓለም ቀጥ ብሎ የሚታየን ለምንድን ነው? አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጆርጅ ስትራተን በ1890ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ይህን ጥያቄ በራሱ ላይ ፈተነው። ሁሉን ነገር ገልብጦ የሚያሳይ የሌንስ መሣሪያ በአንድ ዓይኑ ላይ አድርጎ ሌላውን ሸፈነ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕቃ ለማንሣትና ለመራመድ ተቸገረ፤ በአንደኛው ሙከራ ስምንተኛው ቀን ላይ ግን እንቅስቃሴው ተስተካክሎለት ነበር። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት አንጎል በሬቲና ላይ ያለውን ምስል እንደ ፎቶግራፍ የሚመለከት አለመሆኑ ነው። አንጎል ከዓይን የሚመጣውን መልእክት እጅ ከሚዳስሰውና እግር ከሚረግጠው ጋር እያስማማ ይተረጕማል። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝም ከ1856 እስከ 1867 ባሳተመው ታላቅ ሥራው፣ ማየት ማለት ሳይታወቅ የሚፈጸም የማመዛዘን ሥራ ነው ሲል ተመሳሳይ ትንታኔ ሰጥቷል።

ከሬቲና ወደ አንጎል

የአንጎልን ድርሻ ማንኛውም መምህር በክፍል ውስጥ ያለ አንዳች ወጪ ሊያሳይ ይችላል። በወረቀት ላይ በግራ በኩል የመስቀል ምልክት፣ ከርሱ 8 ሴንቲ ሜትር በስተቀኝ ደግሞ አንድ ወፍራም ነጥብ ይሣላል። ተማሪው ግራ ዓይኑን ሸፍኖ በቀኝ ዓይኑ መስቀሉን ብቻ እያየ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ፊቱ ሲያቀርብ፣ ርቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋበታል። ምክንያቱም የነርቭ ጭረቶች ተሰብስበው ከዓይን በሚወጡበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። ይህን ዕውር ቦታ በ1660ዎቹ ያገኘው ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት ነው። የሚያስደንቀው ግን የነጥቡ መጥፋት አይደለም፤ በነጥቡ ፈንታ ጥቁር ቀዳዳ አለመታየቱ ነው። አንጎል ባዶውን ቦታ በወረቀቱ ቀለም ይሞላዋል።

የስፔኑ ሊቅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሬቲና ተራ መጋረጃ ሳይሆን በንብርብር የተደራጀ የነርቭ ሕዋሳት መዋቅር መሆኑን አሳየ። በ1909 ደግሞ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ታትሱጂ ኢኖዬ ከ1904 እስከ 1905 በተካሄደው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት በጥይት ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። ዓይናቸው ደህና ሆኖ ሳለ የአንጎላቸው የኋላ ክፍል የተጎዳባቸው ሰዎች ከእይታ መስካቸው ከፊሉ ጠፍቶባቸው ነበር። ኢኖዬም የትኛው የአንጎል ስፍራ የትኛውን የእይታ ክፍል እንደሚቀበል ለማመልከት ቻለ።

ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዘል በ1959 ባወጡት ጥናት በድመት አንጎል ውስጥ የሚገኙ ሕዋሳት ለተወሰነ አቅጣጫ መስመር ብቻ መልስ እንደሚሰጡ ገለጹ። አንዱ ሕዋስ ለቆመ መስመር ሲነቃ ሌላው ለተጋደመ ይነቃል። በ1963 ባቀረቡት ሥራ ደግሞ የድመት ግልገል ገና ከሕፃንነቱ አንድ ዓይኑ ተሸፍኖ ለወራት ከቆየ፣ ዓይኑ ራሱ ደህና ቢሆንም እንኳ ሽፋኑ ሲነሣ በርሱ ማየት እንደሚሳነው አረጋገጡ። ሁለቱ ሰዎች በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ከዚህ ሥራ የተገኘው ዕውቀት ማየት በተፈጥሮ የተሰጠ ችሎታ ሆኖ ሳለ ያለ ልምምድ እንደማይጸና ነው።

በሰዎች ላይ የታየውም ከዚህ ጋር ይስማማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ቼዝልደን በ1728 ባቀረበው ዘገባ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማየት ያልቻለ በ13 ዓመት ዕድሜ ገደማ የሚገኝ ልጅ ዓይኑ ከተገፈፈለት በኋላ ያጋጠመውን ገልጿል። ልጁ ለብዙ ሳምንታት ሥዕልን የሚያየው ቀለም እንደ ተቀባ ጠፍጣፋ ነገር ብቻ ነበር። ሥዕሉ ሰውንና ዕቃን እንደሚያመለክት በተረዳ ጊዜ ደግሞ በእጁ ቢዳስሰው ለስላሳና ልሙጥ ሆነበትና ከዓይኑና ከእጁ የትኛው እንደሚያታልለው ግራ ተጋባ። በ2011 የታተመ በሕንድ አገር የተደረገ ጥናትም፣ በሕክምና ማየት የጀመሩ ልጆች በእጃቸው የዳሰሱትን ቅርጽ ወዲያውኑ በዓይናቸው ለይተው ማወቅ እንዳልቻሉ፣ ነገር ግን ችሎታውን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዳገኙት አሳይቷል።

ሥዕልን ማየት ይለመዳልን?

ዓለምን ማየት ልምምድ የሚጠይቅ ከሆነ ሥዕልን ማየትስ? በዚህ ረገድ ብዙ ክርክር ያስነሣው ዊልያም ሃድሰን በ1960 በደቡብ አፍሪካ ያሳተመው ጥናት ነው። ሃድሰን ጦር የያዘ አዳኝ፣ በቅርብ የቆመ የዱር እንስሳ፣ በሩቅ ኮረብታ ላይ ደግሞ በትንሹ የተሣለ ዝሆን የሚታይባቸውን ሥዕሎች አዘጋጅቶ አዳኙ የትኛውን እንደሚወጋ ይጠይቅ ነበር። ትምህርት ቤት ያልገቡ ብዙ አፍሪካውያን ሠራተኞች ዝሆኑን ቅርብ አድርገው አዩት። አንዳንዶች ይህን ውጤት ለዘር የበላይነት ሐሳብ ድጋፍ አድርገው ሊወስዱት ይችሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ የጥናቱ ዝርዝር ራሱ ይህን አይደግፍም። አንደኛ ደረጃ ትምህርት የጀመሩ ነጭ ሕፃናትም በሥዕሎቹ ውስጥ ርቀትን ለማየት ተቸግረው ነበር፤ ችሎታውን ያገኙት በትምህርት ዘመናቸው ሂደት ነው። ኋላም ሌሎች ተመራማሪዎች በሥዕሎቹ ላይ እንደ ሣር ያለውን የመሬት ገጽታ ዝርዝር ሲጨምሩ ርቀቱን ያስተዋሉት ሰዎች ቁጥር ከፍ ብሏል። እንግዲያው ከፊሉ ጉድለት የተመልካቹ ሳይሆን የሥዕሉ ነበር።

ሁለተኛው ምስክርነት ከኢትዮጵያ የተገኘ ነው። ያን ዴሬጎቭስኪና ሁለት ባልደረቦቹ በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩና በዚያን ጊዜ ከሥዕል ጋር ያልተዋወቁ የሜኤን ብሔረሰብ አባላትን ጠየቁ። ቀደም ሲል በወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል የተሰጣቸው ሰዎች ወረቀቱን ዳስሰውታል፣ አሽተውታል፣ ጨምድደው ድምፁን አዳምጠዋል፤ ሥዕሉን ግን ልብ አላሉትም። እንግዳ የሆነባቸው ወረቀቱ ራሱ ነበርና። ተመራማሪዎቹ ይህን ተገንዝበው የእንስሳት ሥዕሎችን በሚያውቁት ነገር፣ ይኸውም በጨርቅ ላይ በትልቁ አዘጋጅተው አቀረቡ። በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ እንስሳቱን ለይተው አወቁ። ከነርሱም አንዳንዶቹ ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን በየተራ እያመለከቱ ቀስ በቀስ ደረሱበት።

ይህን ውጤት በ1962 ሆክበርግና ብሩክስ ካሳተሙት ጥናት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እነዚህ ተመራማሪዎች ሥዕል እንዳያይና የሥዕል ስም እንዳይማር ተጠብቆ ያደገ አንድ ሕፃን 19 ወር ሲሆነው የሚያውቃቸውን ዕቃዎች በመስመር ከተሣለ ሥዕል ለይቶ እንደ ጠራ ገልጸዋል። በመሆኑም አንድን ነገር ከሥዕሉ ለይቶ ማወቅ የሰው ልጅ ሁሉ የተፈጥሮ ችሎታ ነው። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ርቀትን ማስተዋል፣ የቀስትን፣ የምልክትንና የተቆረጠ ቅርጽን ትርጉም መረዳት ግን እንደ ፊደል የሚቆጠር ነው።

ይህን በአገራችን ካለው ልማድ ማረጋገጥ ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን የሥዕል ትውፊት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ከፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ርኩሳን መናፍስትና ኃጥአን በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። በዚህ ትውፊት ያደገ ምእመን ገና በሩቁ ማን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ከሌላ አገር የመጣ የሥዕል ሊቅ ግን ሳይነገረው ይህን ሊያነብ አይችልም። እንዲህ ስለ ሆነም ሊቁን ደካማ አእምሮ ያለው ነው የሚል የለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት ሥራ የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አዲስ የሥዕል ልማድ ሲገባ፣ ለምሳሌ ቀስት፣ የተቆረጠ አካል፣ ከላይ የታየ ካርታ ሲቀርብ፣ ልማዱ ራሱ እንደ አንድ ትምህርት ሊሰጥ ይገባል። ተማሪዎች የመንደር ካርታን ከማንበባቸው በፊት የክፍላቸውን ወለል ከላይ እንደሚታይ አድርገው ቢሥሉ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ በተቻለ መጠን ዕቃው ከሥዕሉ ይቅደም። የዘር ፍሬን አከፋፈል የሚያሳይ ሥዕል ከመቅረቡ በፊት ባቄላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መክፈል ለየትኛውም ትምህርት ቤት የሚከብድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ርቀትን የሚያሳይ ሥዕል በአንድ ምልክት ብቻ ሊተማመን አይገባም፤ የሩቁን ከማሳነስ በተጨማሪ የቅርቡ የሩቁን እንዲከልለው፣ የመሬቱም ዝርዝር ወደ ሩቅ ሲሄድ እንዲረቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ሥዕሎች ከመታተማቸው በፊት በከተማም በገጠርም ለሚገኙ ተማሪዎች ቀርበው ሊፈተኑ ይገባል። መጠየቅ ያለበትም «ገባህ ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ምን ታያለህ?» ተብሎ ነው።

ወረቀቱን ያሸተተው የሜኤን ሰው ጨርቁ ሲቀርብለት እንስሳውን አውቋል። በሁለቱ ጊዜያት መካከል የተለወጠው የሰውዬው አእምሮ አልነበረም፤ የጠያቂዎቹ አቀራረብ ነበር። ዓይን አይቶ ልብ እስኪፈርድ ድረስ በመካከሉ ልምድ የሚሠራው ብዙ ሥራ አለ። ይህን ልምድ ለተማሪው ሳይሰጡ በተማሪው ላይ መፍረድ ግን ከመምህርም ሆነ ከመጽሐፍ አዘጋጅ የሚጠበቅ አይደለም።