ከሪያድ የተመለሱ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው

የገዳማት ታሪክ ሲጻፍ አበ ምኔቱም፥ ሕንፃውን ያሠራው ንጉሥም፥ ርስትና ጉልቱም በየስማቸው ይዘረዘራሉ። ሕሙም ልጅዋን ይዛ በጠበሉ ደጅ ክረምትና በጋ ያሳለፈች እናት ግን እምብዛም አትወሳም። ከሪያድ ከተማ የተመለሱት ሕሙማን ታሪክ ያለ እርስዋ ሊነገር አይቻልም።

የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ ለሌላቸው ስደተኞች የሰጠው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲያበቃ፥ ከሪያድ በስተ ደቡብ ባለው በመንፉሐ ሰፈር ብጥብጥ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነዚህ መካከል አእምሮአቸው የታወከ ነበሩባቸው። በሰው ቤት ተዘግቶ ሌት ተቀን ማገልገል፥ የደመወዝ መከልከል፥ ዱላና እስራት ብዙዎችን ጎድቶአል። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን መሥራት ስለማይፈቀድ፥ ክርስቲያኖቹ የታመሙት ከዘመድም ከካህንም ከጠበልም ርቀው ነው።

ልጅን ወደ ዐረብ አገር የላከ ቤተ ሰብ ብዙ ጊዜ በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ ነው የላከው። እንግዲህ ዕዳው ሳይከፈል ሕመሙ ደረሰ። የጎረቤት ሹክሹክታም አለ፤ እርሱስ ከዕዳው ይልቅ ይከብዳል።

አንዳንዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ተቋቋመው ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ሄደ። ሌላው፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣ። በዚያ አስታማሚ በአካባቢው ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትቀመጣለች፤ ጎሕ ሳይቀድ ሕሙምዋን ታነሣለች፤ እርስዋም እንደ እርሱ ሳትቀምስ ትቆያለች፤ የራሰ ልብሱን ለውጣ፥ በሶ በጥብጣ ታጠጣዋለች። ሲሸሽ ትከተለዋለች፤ ሲሰድባት ዝም ትላለች። በሰንሰለት የሚያስሩም አሉ፤ ይህም ከጭካኔ ሳይሆን ልጁ በገደል እንዳይጠፋ ከመፍራት የመጣ ቢሆንም፥ ሰንሰለቱ ሥጋን ያቈስላል፥ ክብርንም ያዋርዳል።

በወንጌል ስለ ልጁ የለመነው አባትና ከነዓናዊቱ እናት አስታማሚዎች ነበሩ፤ የሁለቱም ስም አልተጻፈም።

ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት መውሰድ ይገባዋልን? የሚለው ጥያቄ አስታማሚዎችን ብዙ አስጨንቆአል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂዎች በእንጦጦ ተባብረው ሠርተዋል። ክኒኑን በየሰዓቱ ቈጥራ የምትሰጠው፥ ወደ ጠበሉም እጁን ይዛ የምትወርደው ግን ያችው እናት ናት።