ከራምቦ ጉልበት እስከ ሮቦቱ ክንድ

በሐረር ሲነግድ የኖረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1891 ከከተማዋ የወጣው በእግሩ አልነበረም። ጉልበቱ አብጦ መራመድ ስላቃተው፣ ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመው ዘይላ ወደብ አደረሱት። መንገዱ ከአሥር ቀን በላይ ፈጀ። እግሩ ማርሴይ ላይ የተቆረጠው በሜይ መጨረሻ ነው፤ በኖቬምበር ሞተ። ሕመሙ ካንሰር ስለነበር ሐረር ውስጥ ቀዶ ሐኪም ቢኖር ኖሮ ይድን ነበር ማለት ያስቸግራል። የቀዶ ሕክምና ጥበብ ግን ያኔም ነበር፤ ካርል ላንገንቡክ በርሊን ላይ የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት ቆርጦ ካወጣ 9 ዓመት ሊሞላው ነበር። የጎደለው ጥበቡን ሐረር ላይ የሚያኖር ቤትና ባለሙያ ነው።

ይህን ክፍተት መሙላት የጀመሩት የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በከተማዋ ሆስፒታል አቋቁመው፣ ከፈረንሳይ ካሪቢያን ደሴቶች የመጣውን ዶክተር ቪታሊየንን አሠሩበት። ዛሬ በከተማዋ ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኖ ሐኪም ያፈራል። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ሕክምና ሥር የሚሰደው በመሣሪያው አዲስነት ሳይሆን ተቀምጦ በሚሠራና ተተኪ በሚያፈራ ባለሙያ መሆኑን ነው። ሐኪም በኮምፒውተር የሚመራውን የቀዶ ሕክምና ሮቦት ለሐረር እናምጣ ወይ የሚለው ጥያቄም በዚህ ሚዛን ሊታይ ይገባል።

የሐሞት ጠጠር ያሠቃየውን ሰው የሐሞት ከረጢት ለማውጣት እ.ኤ.አ. እስከ 1985 ድረስ ሆድን በሰፊው መክፈት ግድ ነበር። በዚያ ዓመት ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኤሪክ ሙኸ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ፣ ሲያወጣው የሙያ ባልደረቦቹ ተሳለቁበት፤ ዛሬ ግን መደበኛው መንገድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ አሜሪካ ሮቦት ይህንኑ ሥራ በእምብርት በኩል በአንድ ቀዳዳ ብቻ እንዲሠራ ፈቀደች። መሣሪያዎቹ የሚያልፉባቸው የታጠፉ ቱቦዎች ቀዳዳው ላይ ስለሚተላለፉ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ግን መልሶ ስለሚያለዋውጣቸው ሐኪሙ ቀኝ እጁን ሲያንቀሳቅስ በስክሪኑ ላይ የሚያየው የቀኙን መሣሪያ ነው። ጠባሳው እምብርት ውስጥ ስለሚደበቅ እምብዛም አይታይም። ነገር ግን የአንድ ቀዳዳ ስልት እምብርት ላይ ሄርኒያ (የሆድ ዕቃ በተዳከመ ጡንቻ በኩል መውጣት) የማስከተል ዕድሉ ከተለመደው ላፓሮስኮፒ ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣና ከ1 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን አረጋውያን ታካሚዎችን ያየ ጥናትም፣ ከተለመደው ላፓሮስኮፒ ይልቅ በሮቦት በተሠሩት ላይ የሐሞት ቱቦ ጉዳት በዝቶ አግኝቷል። ውዱ መሣሪያ በራሱ ደኅንነትን አይገዛም።

«ሞባይል የመስመር ስልክን ዘሎ እንደመጣ፣ ሮቦቱስ ለምን አይዘልም?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ አንስቷል። ለማስረጃም እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ የተቀመጠው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ዣክ ማሬስኮ ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ያለችን ታካሚ የሐሞት ከረጢት በሮቦት ማውጣቱን ሊጠቅስ ይችላል። ነገር ግን በታካሚዋ አጠገብ የሰመመን ባለሙያዎችና ችግር ቢፈጠር እጃቸውን የሚያስገቡ ቀዶ ሐኪሞች ቆመው ነበር፤ ለሥራው የተመደበ የፋይበር መስመርም ነበር። ሩቅ ያለው ሐኪም ቅርብ ያለውን አልተካም። ስለዚህ ሙኸን እንደተሳለቁበት በሮቦቱ መሳለቅ ስህተት ቢሆንም፣ ለሐረርና ለምሥራቁ አካባቢ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ላፓሮስኮፒን በሚገባ የሚሠሩና የሚያስተምሩ ሐኪሞች፣ የሰመመን ባለሙያዎች፣ የማይቋረጥ መብራትና የመሣሪያ ጥገና፤ ሮቦቱ ከዚያ በኋላ፣ ዋጋውን የሚያካክስ ጥቅም ማስገኘቱ ሲረጋገጥ።