ሥራ አስያዥ ፖሊሲ

ሥራ ያጣ ሰው ከመንግሥት ሁለት ዓይነት እርዳታ ሊያገኝ ይችላል። አንደኛው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የሚተዳደርበት ገንዘብ ነው፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በአማርኛ ወሬያቸው መሐል «አንኢምፕሎይመንት» የሚሉት። ሁለተኛው ሙያ ማሠልጠን፣ ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት፣ ሲያስፈልግም የጓዝ ማጓጓዣ መክፈል ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን ሁለተኛውን «አክቲቭ ሌበር ማርኬት ፖሊሲ» ይሉታል። ቃል በቃል «ንቁ የሥራ ገበያ ፖሊሲ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ንቁው ገበያው ይሁን ፖሊሲው አይለይም። «ሥራ አስያዥ ፖሊሲ» ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ። «አጎቴ ሥራ አስያዘኝ» እንደምንለው ነው፤ እዚህ አስያዡ መንግሥት ሆነ እንጂ።

ሐሳቡ መልክ የያዘው ስዊድን ውስጥ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ኢኮኖሚስቶች የነበሩት ዮስታ ሬን እና ሩዶልፍ ማይድነር በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለማኅበራቸው ጉባኤ ያቀረቡት ስሌት ጨከን ያለ ነበር። ለተመሳሳይ ሥራ በየፋብሪካው ተመሳሳይ ደመወዝ ይከፈል፤ ይህን መክፈል ያቃተው ፋብሪካ ይዘጋ። የሠራተኛ ማኅበር እንዲህ ሲል መስማት ለጆሮ ይከብዳል። መተማመኛው መንግሥት ነበር፤ ሥራውን ያጣውን ሠራተኛ አሠልጥኖ እየሰፋ ወዳለው ፋብሪካ ያሸጋግረዋል። ይህን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት በምሕጻረ ቃል ኤ.ኤም.ኤስ ይባል ነበር። ከሰሜኑ የደን አገር የተፈናቀለው ሰው ሙያ ተምሮ፣ የመዛወሪያ አበሉን ተቀብሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የሰሜን ሰዎች ታዲያ ሦስቱን ፊደላት «ሁሉም ወደ ደቡብ ይሂድ» ብለው ፈቷቸው። ቀልድ ነው፤ ግን ሥራው የተገኘው ቀዬ ተለቆ ስለሆነ ምሬትም አለበት።

ያ ሁሉ የሠራው ሠልጣኙን የሚጠብቅ ቀጣሪ ስለነበረ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስዊድን በባንክና በቤት ዋጋ ቀውስ ስትመታ፣ ከ2 በመቶ በታች የነበረው ሥራ አጥነት በጥቂት ዓመታት ከ8 በመቶ አለፈ። መንግሥት የሠልጣኙን ቁጥር አበዛ፤ ቀጣሪ ግን ጠፋ። ደንቡ ደግሞ ነገሩን አባሰው። የሥራ አጥ ክፍያ ለአብዛኛው ሰው በ300 ቀን የተገደበ ነበር፤ ሥልጠና የገባ ሰው ግን ለአዲስ ዙር ክፍያ ብቁ ይሆናል። ክፍያው ሊያልቅ ሲል ሥልጠና፣ ሥልጠናው ሲያልቅ እንደገና ክፍያ። ብየዳ የሚማረው ሰው ሙያውን ፈልጎ ይሁን ቀኑን ለማስቆጠር በምን ይታወቃል? ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ2000ዎቹ መባቻ ነው።

ሌላም እንከን አለ። ሠልጣኝ ክፍል ውስጥ እያለ ሥራ መፈለጉን ይተዋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ካልሠለጠነው ሰው ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ዴቪድ ካርድና ሁለት ባልደረቦቹ በ2018 ያሳተሙት፣ ከ200 በላይ ጥናቶችን ያነጻጸረ ሥራ እንደሚያሳየው የእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ውጤት መጀመሪያ ላይ በአማካይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ የሥልጠና ፍሬ ጎልቶ የሚታየው ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዓመቱ ሪፖርት የሚጠየቅ ሹም ይህን ለመጠበቅ ትዕግሥት አይኖረውም።

ሥልጠናን የክፍያ ምትክ አድርጎ ማቅረብም የተለመደ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ምትክ የሚሆንለት ነገር ራሱ የለም፤ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ሕጉ የሚፈቅድለት ከሆነ የስንብት ክፍያውን ይቀበላል እንጂ በየጊዜው የሚከፈል የሥራ አጥ መድን አልተቋቋመም። አሜሪካ ደግሞ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ክፍለ ግዛቱ ያጸደቀውን ሥልጠና የሚከታተል ሰው፣ ስለተማረ ብቻ ክፍያው አይከለከልም። ዋናው «ያጸደቀው» የሚለው ነው። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ወይም የነርስ ረዳትነት ሊማር ያሰበ ሰው ትምህርት ቤት ከመመዝገቡ በፊት በአካባቢው ያለውን የሥራ ማዕከል ቢጠይቅ ያዋጣዋል። አንደኛ ነገር፣ የትምህርት ወጪው ሊሸፈንለት ይችላል። ሁለተኛ፣ ሳያስፈቅድ ሙሉ ቀን ትምህርት ከገባ «ለሥራ ዝግጁ አይደለህም» ተብሎ ክፍያው ሊቋረጥበት ይችላል።