ከማጀት እስከ ኮንዶሚኒየም፦ የአዲስ አበባ ማዕድ ቤት ታሪክ ምን ያስተምረናል?



የቤት ታሪክ በአገራችን ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአዳራሹና ከእልፍኙ ነው። እኔ ዛሬ በጓሮ በር ልግባ። ማዕድ ቤት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚስተናገድና ማን ከዓይን እንደሚሰወር የሚናገር የታሪክ ሰነድ ነው። ለማሳያ የመረጥሁት የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማን ነው፤ የሦስት ዘመን ማዕድ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ይታዩበታልና።

የመጀመሪያው ከዋናው ቤት ተነጥሎ በጓሮ የሚሠራው ነው። የመነጠሉ ዋና ምክንያት ጭስና የእሳት አደጋ ነው። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነድ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ግድግዳውን ያጠቁራል፤ ለሣር ክዳን ቤት ደግሞ ዘወትር ስጋት ነው። መነጠሉ ዋናውን ቤት ከጭስ አዳነ፤ ጭሱን ግን ለምታበስለው ሴት ዓይንና ሳንባ ተወላት። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላ በብዙ የቀበሌ ግቢዎች ይህ ማዕድ ቤት የጎረቤታሞች የጋራ ሆነ።

ሁለተኛው በአየር ጤናና በቤቴል ሠፈር ቪላዎች የምናየው ነው። በውስጥ ቁምሳጥንና የዕቃ ማጠቢያ የተገጠመለት ዘመናዊ ማዕድ ቤት አለ፤ ከኋላ ባለው ሰርቪስ ደግሞ ሌላ። እንግዳ የሚያየው የውስጡን ነው፤ እንጀራው የሚጋገረው፣ ሽንኩርቱ የሚቁላላው፣ በርበሬው የሚደለዘው ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። ኤሌክትሪክ ጭሱን ቢያስቀርም ሥራውና ሠራተኛዋ ከጓሮ አልወጡም።

ሦስተኛው የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ነው፤ በሚኪሊላንድ ይታያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የከተማዋ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ሲጀመር ዕቅድ አውጪዎቹ የአበሳሰል ልማዳችንን አልዘነጉም ነበር። በየግቢው ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት በዲዛይኑ ተካተተ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሕንፃዎች አሳንሰር የሌላቸው ባለአራት ፎቅ ናቸው። ከአራተኛ ፎቅ የሊጥ ባልዲ ተሸክሞ መውረድ፣ ከዚያም የተጋገረውን ይዞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተሸከመ ሰው ነው። የጋራ ቤቶቹ በአንዳንድ ግቢዎች ለሌላ አገልግሎት መዋላቸው እምብዛም አያስደንቅም።

ችግሩ ከምን መጣ? ለንጽጽር ወደ ጀርመን እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት የሕዝብ ቤቶች 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ የሆነ ማዕድ ቤት ነደፈች። መነሻዋ የማብሰል ሥራ ጥናት ነበር፤ ርምጃና ጊዜ ተለኩ፤ የባቡር ምግብ ቤቶች ጠባብ ማዕድ ቤትም አርአያ ሆነ። ዛሬ ዓለም የለመደው ገጥም ማዕድ ቤት ብዙ የወረሰው ከዚህ ነው። ሆኖም የተለካችው ብቻዋን ቆማ የምታበስል የከተማ ሴት ነበረች፤ በኋላም ማዕድ ቤቱ ሴቲቱን ለብቻዋ አገለላት ተብሎ ተነቅፏል።

ከፍራንክፈርት ልንወስድ የሚገባን እንግዲህ ዘዴውን እንጂ ልኩን አይደለም። የእኛ ማዕድ ቤት ልኬት የሚነሣው ከምጣዱ ነው፤ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ኤሌክትሪኩም ከተራ ምድጃ የበለጠ ኃይል ስለሚስብ የራሱን መስመር ይሻል። አክምባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል፤ ሊጡ ለቀናት የሚቦካበት ሥፍራ ይሻል፤ ቡና የሚፈላው ደግሞ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ነው።

ከቦታው ይልቅ የሚዘነጋው ጊዜው ነው። ወጥ የየዕለት፣ እንጀራ የሁለትና የሦስት ቀን፣ በርበሬ መደለዝ የዓመት፣ እርድ የበዓል ሥራ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚሠራው በጋራ ቤት ቢሆን ያስማማል። በየሦስት ቀኑ የሚጋገረው ግን ከመኖሪያው ሊርቅ አይገባውም። የጋራ ቤቱ እርድንና እንጀራን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያኖር ይህን ልዩነት ሳያይ ቀረ፤ ለእኔ የዲዛይኑ ዋና ጉድለት ይህ ነው።

ስለዚህ ለአርክቴክቸርና ለታሪክ ተማሪዎቻችን አደራዬ አንድ ነው። ፕላን ከመሳላችሁ በፊት የምታበስለውን ሰው ጠይቁ፤ የቤቱ እመቤት ብቻ ሳትሆን የቤት ሠራተኛዋም ትጠየቅ። ምን ታበስላለች? በስንት ቀኑ? ከማን ጋር? ተቀምጣ ወይስ ቆማ? ስለ ማዕድ ቤት በቂ የጽሑፍ መዝገብ ያልኖረን ዕውቀቱ ስለሌለ አይደለም፤ ባለዕውቀቷን የጠየቃት ስለሌለ ነው።