የጣና ዳር ሕዝብና የእምቦጭ አረም

የአገር ታሪክ ሲጻፍ የጦርነትና የነገሥታት ሥራ በብዛት ይነገራል፤ ገበሬ ከአረም ጋር ያደረገው ትግል ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። የጣና ዳር ሕዝብ እምቦጭ ከተባለው የውሃ አረም ጋር ያደረገው ትግል ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ ስለሆነ፣ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእምቦጭ የትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። አበባው ሐምራዊና ለዓይን ደስ የሚያሰኝ በመሆኑ ሰዎች ለጌጥ ሲሉ ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። በ1884 በኒው ኦርሊንስ ከተማ በተከፈተው ኤግዚቢሽን ላይ ታይቶ ከዚያ ወደ አሜሪካ ወንዞች እንደ ተዛመተ ይነገራል። በአገራችን በ1965 በቆቃ ሐይቅ ታየ። ጣና መድረሱ የታወቀው ግን በ2011 ሲሆን፣ የመገጭ ወንዝ ከሚገባበት ከሰሜኑ ዳርቻ ተነሥቶ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ተስፋፋ።

አረሙ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ታንኳ መንገድ ያጣል፤ መረብም አይጣልም። ከሥሩ ያለው ውሃ ብርሃንና አየር ስለሚያንሰው ዓሣው ይጎዳል። በጣና ውስጥ ደግሞ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ሐይቁ ሲሸሽ የከብት ግጦሽ የሚሆነውንም መሬት አረሙ ይይዘዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ በ2012 በሺሕ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ወጡ። ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው እየነቀሉ ወደ ዳር አወጡት። አብዛኛው አረም እንደ ተወገደም ተነግሮ ነበር። ነገር ግን እምቦጭ ተመልሶ መጣ። በኋላ የማጨጃ መኪናዎች ቢመጡም የእጅ ሥራው አልቀረም፤ በ2020ም የአንድ ወር ዘመቻ እንደገና ታወጀ።

ይህ ሁሉ ጉልበት ፈስሶ አረሙ የሚመለሰው ስለ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ የተረፈችው ቁራጭም ብትሆን ምቹ ሁኔታ ካገኘች በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ትሆናለች። ሁለተኛ፣ ምግቡ ከውጭ ይመጣለታል። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት ከእርሻ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም ቆሻሻ ይዘው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። እንግዲህ አረሙን ነቅሎ ውሃውን መርሳት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቤት እንደ መጥረግ ነው።

ስለዚህ ከዘመቻው ጋር የዘወትር ጥበቃ ያስፈልጋል። ጥበቃው ሁሉ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በ1865 አንጄሎ ሴኪ የተባለ ኢጣሊያዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ የውሃን ጥራት በነጭ ክብ ሰሌዳ ይለካ ነበር፤ ሰሌዳው በገመድ ታስሮ ወደ ውሃ ይወርድና ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ከ1973 ጀምሮ ተራ ሰዎች በፈቃዳቸው ሐይቆቻቸውን በዚህ ዓይነት ሲለኩ ቆይተዋል። ሰሌዳው በውሃው ውስጥ የቀለጠውን ማዳበሪያ አይነግርም፤ ለዚያ የሊቃውንት ምርመራ ያሻል። ነገር ግን ውሃው ከወር ወር መደፍረሱን ያሳያል።

የጣና ዓሣ አጥማጅና የዳርቻው ተማሪ ሰሌዳ፣ ገመድና ደብተር ቢይዙ፣ አዲስ የበቀለችውንም አረም ገና አንዲት ሳለች ቢነቅሏት፣ የገበሬው ድካም በከንቱ አይቀርም። የ2012ቱ ታሪክ የሚያስተምረን ሕዝቡ ጉልበት እንዳላነሰው ነው፤ የጎደለው ከድሉ በኋላ የሚጠብቅ ዓይን ነበር።