ሺህ ዓመትና ዘጠና ዘጠኝ ዓመት

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው የአበው ቃል መሬትን በዓመት ቁጥር አይለካም። ሺህ ማለት እዚህ ላይ ዘር እስካለ ድረስ ማለት ነው። እኔ ግን በባንክ ሥራዬ የማገላብጠው ወረቀት ሌላ ቁጥር ይዟል፤ ለብድር ዋስትና የሚቀርበው የመኖሪያ ቦታ የሊዝ ውል «99 ዓመት» ይላል። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የአገራችን የመሬት ታሪክ ተዘርግቷል።

ታሪኩን ከትውልድ አገሬ ከአንኮበር ልጀምር። የሸዋ መናገሻ በነበረችው በዚህች ተራራ ዙሪያ መሬት በብዙ መንገድ ይያዝ ነበር፤ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አንደኛው ርስት ነው፤ ከአቅኚ አባት የሚቆጠር፣ በዘር የሚወርድ። ሁለተኛው ማደሪያ ነው፤ ንጉሡ ለሹሙና ለወታደሩ በደመወዝ ፈንታ የሚሰጠው፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የሚመለስ። ባለ ርስቱ «የአባቴ» ሲል፣ ባለ ማደሪያው «የጌታዬ» ይላል። የማደሪያ ዘመን የሚራዘመው በጌታው በጎ ፈቃድ ብቻ ነበር።

የርስትን ዘመን ግን እንደ ገነት መቁጠር አይገባም። ርስት ያልደረሰው ጭሰኛ ነበር፤ ያረሰውን ለሌላ ይከፍል ነበር። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በከንቱ አልነበረም።

ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ የወረዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. ለአዲሲቱ ከተማ ባወጡት የመሬት ደንብ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ ፈቀዱ። ይህ ሥርዓት ዕድሜው ሰባ ዓመት እንኳ አልሞላም። በየካቲት 1967 የገጠሩ መሬት፣ በሐምሌ 1967 ደግሞ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። መንግሥት ቢለወጥም መሬቱ አልተመለሰም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ።

ሊዝ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በታኅሣሥ 1986 በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀመረ፣ በ1994 ተሻሻለ፣ በኅዳር 2004 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። በዚህ በ2004ቱ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ ለከተማ ግብርና 15 ዓመት ተወሰነ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ዘመኑ ሲያልቅስ?» ብሎ ነው። የአዋጁ መልስ ይህ ነበር፦ ውሉ በወቅቱ በሚኖረው የሊዝ መነሻ ዋጋ ሊታደስ ይችላል፤ ባለይዞታው ግን ዘመኑ ሊያልቅ ከ10 እስከ 2 ዓመት ሲቀረው ማመልከት አለበት። ያመለከተ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካላገኘ፣ እንደተፈቀደለት ይቆጠራል። ሳይታደስ ቢቀር ግን ካሣ የለም።

«ሊታደስ ይችላል» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉ። «ይታደሳል» አላለም። ሊዝ በወረቀት የተጻፈ፣ ቀን የተቆረጠለት ቢሆንም፣ በዚህች አንዲት ግሥ ከርስት ይልቅ ለማደሪያ ይቀርባል። የጌታው በጎ ፈቃድ ዛሬም በውስጡ አለ።

ነገሩ ግን ከዚህ የተለየ ሊሆን እንደሚችል እንግሊዝን ማየት ይበቃል። በዚያ አገር አያሌ የፎቅ መኖሪያዎች የሚሸጡት ለ99 ወይም ለ125 ዓመት በሚቆይ የኪራይ መብት ነው፤ ሕንፃው የቆመበት መሬት የሌላ ባለቤት ነው። ዓመቱ እያጠረ ሲሄድ የቤቱ ዋጋ ይወድቃል፣ ባንኮችም ለማበደር ያመነታሉ። እ.ኤ.አ. በ1993፣ የእኛ የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በወጣበት ዓመት ማለት ነው፣ የእንግሊዝ ሕግ ለፎቅ ቤት ባለቤቶች ዋጋ ከፍለው 90 ዓመት የማስጨመር መብት ሰጣቸው። ባለ መሬቱ እምቢ ሊል አይችልም፤ ክርክሩ በዋጋው ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ ጭማሪው 990 ዓመት እንዲሆን ደነገገ። የአበውን ሺህ ለመሙላት ዐሥር ብቻ ጎደለው!

ይህ ሁሉ ለእኔ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አባቴ በጎረቤላ ትቶልን ያለፈው ቤት ነባር ይዞታ ነው። ወንድሞቼና እህቶቼ እንሽጠው እንተወው እያሉ ይመክራሉ። በ2004ቱ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ አይገባም፤ በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ግን ተቀባዩ በሊዝ ይይዘዋል። ስለዚህ የምንሸጠው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሳይቆጠር የኖረውን ዘመን ለቆጣሪ አሳልፈን እንሰጣለን። ድምፄን እንዳይሸጥ ሰጥቻለሁ፤ እህቴ ግን ገንዘቡ ለልጆቿ ትምህርት እንደሚያስፈልግ ትናገራለች፣ እውነቷንም ነው።

በ1986 ለመኖሪያ 99 ዓመት የተዋዋለ ሰው ዘመኑ የሚያበቃው በ2085 ነው። በ2004ቱ ስሌት ከሄድን ማመልከቻው የሚገባው ከ2075 እስከ 2083 ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ፈራሚው በሕይወት አይኖርም። አያቶቻችን ለልጅ የሚያወርሱት የድንበር ድንጋዩን ነበር፤ የዛሬ አባት ግን ከካርታው ጋር የማመልከቻውን ቀን ጭምር ማውረስ ይኖርበታል።