የጥብቅና ድርጅት የረጅም ጊዜ ዕቅድ

የጥብቅና ድርጅት የረጅም ጊዜ ዕቅድ፦ አንድ የጥብቅና ቢሮ ከመሥራቹ የሥራ ዘመን አልፎ እንዲዘልቅ የሚነደፍ የአሠራር፣ የገንዘብና የሰው ኃይል ዕቅድ ነው።

በኢትዮጵያ ጥብቅና ለረጅም ጊዜ በግለሰብ ፈቃድ ላይ የቆመ ሙያ ስለነበር ጠበቃው ሲታመም ወይም ሲያርፍ ቢሮውም አብሮ መዘጋቱ የተለመደ ነበር። የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በሽርክና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በመፍቀዱ ይህ መሠረት ተለወጠ።

ዕቅዱ አራት ዋና ጉዳዮችን ይይዛል።

የሥራ ዘርፍ፦ ቢሮው የሚታወቅበትን መስክ፣ ለምሳሌ ግብርን፣ ኢንቨስትመንትን ወይም ሥራና ሠራተኛን መምረጥ።

ገንዘብ፦ የደንበኛን ገንዘብ ከቢሮው ሒሳብ መለየት፤ ክርክር በቀጠሮ ስለሚራዘም ለኪራይና ለደመወዝ መጠባበቂያ መያዝ።

የሰው ኃይል፦ ጀማሪ ጠበቆችን ማሠልጠን፤ ወደ ሸሪክነት የሚያደርሰውን መንገድ አስቀድሞ ማሳወቅ።

ተተኪነት፦ የትርፍ ክፍፍልን፣ የሸሪክ መውጣትንና የመዝገብ ርክክብን በመመሥረቻ ስምምነቱ መወሰን።

ከአራቱ ቀድሞ መጻፍ ያለበት ተተኪነት ነው፤ ያልታሰበበት ቢሮ ደንበኛውን በክርክር መካከል ያለ ጠበቃ ያስቀራል።